ያገሯ ልጅ ተብዬ የተቀጠርኩበት መፈልፈያ

እኔ ቀናተኛ ሰው ነኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። በሰው ማሳ እቀናለሁ፣ በሰው ጤና እቀናለሁ፣ በሰው ድምፅ እንኳ እቀናለሁ። በቅርቡ ከሩዝ መፈልፈያው ጡረታ ስወጣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ፤ እኔ ግን ጋቢውን ትቼ ዐይኔን የጣልኩት በቦታዬ በተተካው ሰው ላይ ነበር። አዲሱን ማሽን ቁልፍ ተጭኖ ያስነሳዋል። ጥቁሩን ፍሬ ከነጩ የሚለይለት መሣሪያ አለው፤ አቧራውን የሚስብለት ቧንቧ አለው። እኔ ሳንባዬን የጨረስኩበትን ሥራ እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይሠራዋል። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤት መዋል ጀምሬያለሁ። ቤት ለዋለ ሰው ደግሞ ካለፈው ዘመን ጋር መጨቃጨቅ ዋና ሥራው ይሆናል። ብዙ ሰው አብሮኝ ሠርቷል፤ ሦስት ባለንብረት ተፈራርቆብኛል፤ ደመወዙም አንዴ ሲጨምር አንዴ ሲዘገይ ኖሯል። ቁጭ ባልኩ ቁጥር ፊቴ የሚደቀኑት ግን አንድ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ታረቀኝ። ሙያዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሰው ሁሉ አብልጬ የቀናሁትም በእሳቸው ነው።

እኔና ባለቤቴ እናኑ ወደ ወረታ የመጣነው ከጣራ ገዳም ግርጌ ካለች መንደር ነው። የአባቴ መሬት ለወንድማማቾች ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ ጥማድ በሬ የማያዞር ቁራጭ ነበር። እናኑ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ቆርጣ የምትነሣ ሰው ናት፤ «እዚህ ተቀምጠን ድንበር ስንገፋፋ ከምንሞት ከተማ ገብተን እንሞክር» አለች። ተጋብተን ገና ልጅ አልወለድንም ነበር። አንድ አንሶላ፣ አንድ ድስትና አንድ ሰፌድ ይዘን ወረዳ ተሻገርን። ለእኔ ወረታ ትልቅ ከተማ ነበረች። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ላይ ቆሜ የጭነት መኪናውን ብዛት ሳይ፣ ይህ ሁሉ ነገር በሚንቀሳቀስበት አገር ለእኔ የሚሆን ሥራ አይጠፋም ብዬ ነበር።

ጠፋ። መገንጠያው ላይ ጫኝና አውራጆቹ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ወደ መኪናው ጠጋ ስል በክርናቸው መለሱኝ። ጋራዥ ስሄድ መፍቻ ለይቼ እንደማላውቅ ከፊቴ ያነባሉ። ከገበያው ዳር ያሉ ነጋዴዎች በደግ ቃል ያናግሩኝና መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «ዋስ አለህ?» ይህ ሰው ቢያጠፋ ወይ ቢሰርቅ እኔ አለሁ ብሎ የሚፈርም፣ ቤት ወይም ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ማለታቸው ነው። እኔ በከተማው የማውቀው ሰው አከራያችንን እትዬ ዘይነባን ብቻ ነበር። እሳቸውን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ መልክህን ገና መልመዴ ነው» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። መንደሬ ሳለሁ የአያቴን ስም የማያውቅ አልነበረም፤ እዚህ የእኔንም የሚያውቅ የለም። ዋስ ያለውን ሰው ሁሉ፣ አጎቱ ፀሐፊ የሆነለትን፣ አማቹ ሱቅ ያለውን፣ እያየሁ ስንገበገብ እውል ነበር።

እናኑ ግን በመጣን በጥቂት ቀን ሥራ አገኘች። ከጎንደሩ መንገድ ዳር ካለው የሩዝ መፈልፈያ ለቃሚ ሴቶች ይፈልጉ ነበር። ለቃሚ ዋስ አትጠየቅም። ሰፌድ ሰጥተው አንዴ አንጓልይ አሏት፤ ጠጠሩንና ጥቁሩን ፍሬ ባንድ ጎን ሰብስባ አሳየቻቸው፤ በቃ። እሷ በጠዋት ትወጣለች፤ እኔ መገንጠያው ላይ ቆሜ ውዬ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ማታ ቅንድቧ በአቧራ ነጥቶ ትመጣና የፋብሪካውን ወሬ ታወራልኛለች። ወሬው ሁሉ «ጋሼ ታረቀኝ እንዲህ አሉ፤ ጋሼ ታረቀኝ እንዲህ አደረጉ» ነው። ዋናው ፈልፋይ ናቸው። ሰውየውን በዐይኔ ሳላያቸው ጠላኋቸው።

የፋብሪካው ባለቤት አንድ ሕግ ነበረው። ባልና ሚስት አብሮ አይቀጥርም። ልቅሶ ሲደርስባቸው ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ሲጣሉ ሁለቱም ይቀራሉ፣ መፈልፈያው በመከር ሰዓት ይቆማል ይላል። ይህን ሕግ ለእናኑ በገባችበት ቀን ነግረዋታል። ስለዚህ ጋሼ ታረቀኝ ረዳት እንደሚፈልጉ ስትሰማ፣ እኔን ሳታማክር «ሥራ የሚፈልግ ያገሬ ልጅ አለ» አለቻቸው። ባልሽስ ብለው ሲጠይቋት «ተፋተናል» ብላ መለሰች። ማታ ይህን ስትነግረኝ ሥራ በማግኘቴ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያንን አንድ ቃል ይዤ ቀረሁ። ምነው ቃሉ እንዲህ ቀለላት? ሌላ ውሸት ጠፍቶ ነው? እሷ ሣቀችብኝ። «ነገ ፊትህን ታጥበህ ና፤ እኅቴ እያልክ ነው የምትጠራኝ» አለች።

ጋሼ ታረቀኝ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በዕድሜ ታላቅ ወንድሜ ቢሆኑ ነው፤ ሰው ሁሉ ግን አንቱ ይላቸዋል። ባለንብረቱ ዋሱ ማን ነው ሲል እሳቸው «እኔ እፈርማለሁ» አሉ። ለምን ቢባሉ «እናኑ ያመጣችው ሰው አይሰርቅም» አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው ሥራ ያገኘሁት። ወረታ ሙሉ ለምኜ ያጣሁትን ዋስ ያገኘሁት በሚስቴ ስም ነው፤ ያውም ሚስቴ መሆኗን ክጄ።

ሥራውን ሲያስተምሩኝ ብዙ አይናገሩም። ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እኔም እስከ ጡረታዬ ድረስ ስታጠብ ኖሬያለሁ። ገበሬው ሩዙን ሲያራግፍ እጃቸውን ከጆንያው መሐል ሰደው አንድ ፍሬ ያወጣሉ። ገለባውን በጥፍራቸው ገፍፈው ፍሬውን ጥርሳቸው ላይ ያደርጓታል፤ ቀስ ብለው ይነክሷታል። ቀጭ ብላ ለሁለት ከተከፈለች በደንብ ደርቃለች። ከተጨፈለቀች እርጥብ ናት፤ መልሰህ አስጣው ይላሉ። ብትን ካለች ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አስፋልት ዳር ተሰጥታ ከላይ ፀሐይ ከታች ሬንጅ አንድዷታል፤ ላይዋ ደኅና ይመስላል እንጂ ውስጧ ተሰነጣጥቋል። እንዲህ ያለውን ሩዝ ጥላ ውስጥ አሳድረው፣ ገለባውን የሚገፍፉትን የሁለቱን የጎማ መዘውሮች ክፍተት አላልተው፣ በትዕግሥት ነው የሚያሳልፉት። ሙያው ሁሉ ያለው በዚያች ክፍተት ላይ ነው። ሲጠብ ፍሬው ይሰባበራል፤ ሲሰፋ ከነገለባው ይወጣል። የሚያስተካክሉት በዐይናቸው አይደለም። ጀርባቸውን ለማሽኑ ሰጥተው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ዞረው እጀታውን ትንሽ ነካ ያደርጉታል።

ይህን ሁሉ ሳይ በእጃቸው ቀናሁ፤ በጆሯቸው ቀናሁ። ይኼስ ደግ ነው፤ ሙያ ያስለምዳል። ሌላው ቅናት ነው ያቃጠለኝ። ጠዋት ለቃሚዎቹ ሲገቡ ሁሉንም በአንድ አፍ ደኅና አደራችሁ ይላሉ፤ እናኑ ስትደርስ ግን ቆብ አውልቀው ለብቻዋ «ደኅና አደርሽ፣ እናኑ» ይላሉ። እኔ ስሟን የምጠራው ሲርበኝ ነበር። ማሽን ሲሠራ ቃል የማይተነፍሱት ሰውዬ፣ አቧራው ወደ ሴቶቹ ሲዞር «እናኑ፣ ተሸፈኚ» ብለው ድምፃቸውን ያሰማሉ። የለቃሚዎቹ መደዳ ከመስኮቱ ራቅ ይል ነበር፤ አንድ ቀን ስገባ ወደ ብርሃኑ ተጠግቷል። ለሁሉም ነው የተጠጋው። እኔ ግን ለማን እንደተጠጋ አውቄያለሁ።

እሷ ደግሞ ትስቃለች። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ታረቀኝ ዝግ ባለ ድምፃቸው አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ሴቶቹ ይፈነዳሉ፤ የእናኑ ሣቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። እኔ ከወንዶቹ ጋር ባዕድ መስዬ ተቀምጬ እንጀራዬን እቆርሳለሁ። ማታ ቤት ስንገባ ምን አሳቀሽ እላታለሁ። «ብነግርህ አያስቅህም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ነግራኝም አላሳቀኝም። አንዳንድ ቀን ሥራው ይቅርብን፣ እንመለስ ብዬ እነሣ ነበር። «ወዴት?» ትለኛለች።

ጥምቀት አልፎ የሰርግ ወሬ በየቤቱ ሲነሣ ነው። ማሽኑን አቁመን ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋሼ ታረቀኝ ቆይ አሉኝ። ጆንያ ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው ቆመው ቀሩ። ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ይጭናሉ።

«አንተ ያገሯ ልጅ ነህ፤ አንተን ታምንሃለች» አሉኝ። «እኔ ሚስቴን ከቀበርኩ ቆየሁ። አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። ግን ከአባቷ በፊት የራሷን ቃል መስማት እፈልጋለሁ። ጠይቅልኝ።»

ከዚያ እንዲህ ብለህ ንገራት ብለው መልእክቱን ነገሩኝ። ደግሜ እንድልላቸውም አደረጉኝ፤ ደገምኩላቸው። ተነሥቼ ማጅራታቸውን ማነቅ አማረኝ፤ እግራቸው ላይ መውደቅም አማረኝ። ባሏ ነኝ ብል ሁለታችንም ከነገ ጀምሮ መገንጠያው ላይ ነን። ዋሴ እሳቸው ናቸው፤ በፈረሙልኝ ሰው ፊት ውሸታም ሆኜ መቆም ነው። ደግሞም እኮ የሠሩት ጥፋት የለም፤ ፈት ናት ተብለዋል፤ ሰው በሚጠይቅበት ወግ ጠየቁ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ እናኑ የጸጉሯን አቧራ እየታጠበች ነበር። በሩን ሳልዘጋ ጀምሬ አፈረጥኩት። እሷ ጎንበስ እንዳለች ሰማችኝ።

«ምን አልካቸው?» አለችኝ።

«እጠይቃታለሁ አልኩ።»

ቀና አለች። «እንግዲያ ጠይቀኝ።»

«ምኑን?»

«ተልከህ የለ? ጠይቀኝ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ አትቀልድም። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ ከቃላቸው ሳልቀንስ ሳልጨምር፣ ጋሼ ታረቀኝ የነገሩኝን ነገርኳት። ስጨርስ ዝም አለች። ጣሳውን እንደያዘች፣ ውሃው በጣቶቿ መሐል ወደ መሬት እየወረደ፣ ዝም አለች። ባል ያላት ሴት ለዚህ ጥያቄ የምታስበው ምን አላት? በመጨረሻ «ባል አላት በላቸው» ብላ ጸጉሯን ወደ ማጠቡ ተመለሰች። እኔ ግን መልሱን ትቼ ዝምታዋን ይዤ አደርኩ።

በማግሥቱ ጋሼ ታረቀኝ ተላጭተው፣ የበዓል ሸሚዛቸውን ለብሰው አገኘኋቸው። ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔም መልሷን አልነገርኳቸውም። «ዛሬ አንተ አስነሣው፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመጣለሁ» አሉ። ማሽኑን ለብቻዬ ሲተዉልኝ የመጀመሪያው ነው። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቀን ነበር። ከሐይቁ ወገን የመጣ አንድ ገበሬ የዓመት ልፋቱን በጋሪ አምጥቶ ያራግፋል። የርብ ወንዝ ሞልቶ ግማሹን ማሳ በልቶበት የተረፈችው ሩዝ ናት። እኔ እጄን ታጠብኩ እንጂ ፍሬውን አልነከስኩም። እዚያ የመስኮቱ መደዳ ላይ እናኑ አንገቷን ደፍታ ታንጓልላለች፤ ሰፌዷን እያየሁ ምን አስባ ነው ዝም ያለችው እላለሁ። መዘውሩን አጠበቅኩ። ድምፁ ሲለወጥ ሌላው ሰው ሁሉ ሰምቷል አሉ፤ እኔ አልሰማሁም። ገበሬው መውጫው ላይ እጁን ዘርግቶ የወጣውን ሲያፍስ ነው የባነንኩት። በመዳፉ ላይ ያለው ቅንጬ ነው እንጂ ሩዝ አይደለም። ግማሽ ጭነቱ እንዲያ ሆኖ አልቋል። ሰውየው አልጮኸብኝም። መዳፉን ወደ እኔ ዘርግቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አበላሽቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን መሬት ብትውጠኝ ብዬ አላውቅም።

ጋሼ ታረቀኝ በበሩ ሲገቡ ማሽኑ ቆሞ ነበር። መውጫው ላይ የተከመረውን ቅንጬ አዩት። ወደ ገበሬው ዞረው «መዘውሩን አጥብቄ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ከራሴ ጎተራ እተካልሃለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ነው እናኑ ከመደዳው የተነሣችው።

«ጋሼ፣ ስለ እሱ ብለው አይዋሹ» አለች። «ባሌ ነው። ትናንት ወደ እኔ የላኩት ባሌን ነው።»

ሰፌድ ሁሉ ቆመ። ጋሼ ታረቀኝ እሷን አዩ። እኔን አላዩኝም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ካልተፈለፈለው ጆንያ አንድ ፍሬ አወጡ፤ ገፍፈው ነከሷት፤ ብትን አለች። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነክሰሃል?»

«አልነከስኩም ጋሼ።»

«ሳትነክስ አታስገባ።»

የበዓል ሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው እጃቸውን ታጠቡና መዘውሩን ማላላት ጀመሩ። እናኑ ሰፌዷን ከግድግዳው አስደግፋ፣ ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። ሥራዋን ለእኔ ትታልኝ እንደሄደች የገባኝ ባለንብረቱ መጥቶ ሊያባርረኝ ሲል ነው። ጋሼ ታረቀኝ «ባልና ሚስት አብሮ አይሠራም አልክ፤ ሚስቲቱ ሄዳለች። የልጁ ዋስ እኔ ነኝ፤ ፊርማዬንም አላነሣም» አሉት። እንዲህ ሆኖ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ ከዚያ በፊት ካስተማሩኝ ይበልጣል። ጎማ መቀየር፣ ወንፊቱን መለየት፣ ዐይን ጨፍኖ ማዳመጥ። ስሟን ግን አንድ ቀን አላነሡም። ቢሰድቡኝ፣ ቢያንጓጥጡኝ በተገላገልኩ። ደግነታቸው ነበር የሚያበግነኝ፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ እንደማልሆን አውቀዋለሁና። ሌላ ሴት አላገቡም። ጉልበታቸው ሲደክም ሥራውን ለእኔ አስረክበው ወንዛዬ ፍል ውሃው አጠገብ ካለ ዘመዳቸው ዘንድ ገቡ። እናኑ በየበዓሉ ሩዝ ለቅማ በእኔ እጅ ትልክላቸዋለች። ያንን ሩዝ መንገድ ላይ ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጠጠር አይገኝበትም። እኔ ቤት በሚበላው ሩዝ ውስጥ ጥርሴ ስንት ጠጠር ሰብሯል! ሲሞቱም ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። እናኑ አለቀሰች። ሰው የሚያለቅሰውን ያህል ነው ያለቀሰችው፤ እኔ ግን ከዐይኗ ላይ ዐይኔን አልነቀልኩም።

ይኸው ልጆች ወልደን፣ ድረን፣ እሷ ከመፈልፈያው ስትወጣ በገበያው የጀመረችውን የሩዝ ንግድ ትታ፣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ሁለታችን ቀረን። አሁን ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ለእራት ሩዝ ስትለቅም፣ ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። ያኔ ጣሳውን ይዘሽ ዝም ስትዪ ምን አስበሽ ነበር አልኳት። ረስታዋለች ብዬ ነበር።

«እኔን እኮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። «ላንተ ሲለምኑኝ አባቴን ነው የጠየቁት። አባቴ እሺ አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አንተም አልነበርክ፤ ወጉም አይደል። ተጋብተን አብረን ስንኖርም አንዴ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ሰው እኔን የጠየቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ጥቂት ልስማው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ቃሉ ትዝ ይልሻል ወይ አልኳት። እጇን ከሰፌዱ ሳታነሣ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እንዲህ አለችኝ፤

«‹እናኑ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ማሽን ሳዳምጥ የምውል ሰው ነኝ። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ግን ማሽኑ እስኪቆም እቸኩላለሁ፤ ሲቆም ድምፅሽ ይሰማኛልና። ቤቴ ጸጥ ያለ ነው፤ ብትስቂበት ደስ ይለኛል። ባትፈቅጂም ሥራሽን አንዳች አይነካብሽም፤ ጠዋት ጠዋት እንደ ወትሮው ደኅና አደርሽ እልሻለሁ።›»

አንዲት ቃል አላጎደለችም። ቃሉን ከአፋቸው ተቀብዬ ያደረስኩላት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻውን ግን እኔ ረስቼው ነበር።